ለአውራ ጣት የተሠራ፣ ለምስጢር የተዘጋ

ብላክቤሪ ቦልድ 9900ን ጨብጦ የሚያውቅ ሰው ቁልፎቹን በጣቱ ያስታውሳቸዋል። አንዳቸውም ጠፍጣፋ አይደሉም። እያንዳንዱ ቁልፍ እንደ ቆርቆሮ ጣራ አንድ ወገኑ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ተቀርጿል፤ በግራ ያሉት ለግራው አውራ ጣት፣ በቀኝ ያሉት ለቀኙ እንዲመቹ ተዳፋታቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። በረድፎቹ መካከል ቀጭን የብረት መስመር ተዘርግቷል። ጣት ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው ሲሻገር ያንን መስመር ነክቶ ያልፋል፤ ዓይን ሳያግዘውም የት እንደደረሰ ያውቃል። ከቁልፉ ሥር ያለችው ጉልላት ስትጫን ትደፋለች፣ ስትለቀቅ ትመለሳለች። ድምፅዋ አይረብሽም፤ ጣት ግን በደንብ ይሰማታል። ይህ ሁሉ የተሠራው 66 ሚሊ ሜትር ስፋትና 10.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው፣ 130 ግራም በሚመዝን ዕቃ ላይ ነው። የካናዳው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ይህ ስልክ ለደብዳቤ ሥራ ከተሠሩት ሁሉ የላቀ የፊደል ገበታ አለው። ከዚያ ወዲህ የበለጠው አላየሁም።

ብልሃቱ ቁልፎቹ ላይ ብቻ አያበቃም። የኢሜይል አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ ስፔስ የሚባለው ረጅሙ ቁልፍ ሥራውን ይቀይራል። መጀመሪያ ሲጫኑት የአት ምልክትን፣ ሁለተኛ ሲጫኑት ነጥብን ያስቀምጣል፤ አድራሻ ውስጥ ክፍት ቦታ እንደማይገባ ሠሪው አስቀድሞ አስቦበታል። በተራ ጽሑፍ ላይ ደግሞ ስፔስን ሁለቴ ሲጫኑ ነጥቡ ይገባና የሚቀጥለው ፊደል ራሱ ትልቅ ሆኖ ይጀምራል። የመልእክቶቹ ዝርዝር ላይ ሆነው ሲን ቢጫኑ አዲስ ደብዳቤ ይከፈታል፤ አር ለመልስ፣ ኤፍ ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ፣ ቲ ወደ ዝርዝሩ አናት፣ ቢ ወደ ግርጌው። ስልኩን ከራሱ የቆዳ ማኅደር ሲከቱት ማኅደሩ ውስጥ የተሰፋች ትንሽ ማግኔት ስክሪኑን ታጠፋዋለች። በቀን መቶ ደብዳቤ የሚመልስ ሰው እጁ የሚባክንበትን ቦታ አንድ በአንድ ተከታትለው የዘጉ ሰዎች ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ የማነሳው ዓለም ጤና ላይ ስልክ በምን ሥራ እንደሚፈተን ስለማይ ነው። ከሞጆ ወደ መቂና ባቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች የቦራ ወረዳ ከተማ ስሟ የሚነሳው በሽንኩርትና በቲማቲም ነው። የሽንኩርት ንግድ በአብዛኛው በድምፅ ያልቃል። ደላላው ማሳ ዳር ቆሞ አዲስ አበባ ላለው ነጋዴ ይደውላል፤ የምርቱ ፎቶ በቴሌግራም ይሄዳል፤ አይሱዙው ተጭኖ ሲነሳ ገንዘቡ በባንክ ወይም በቴሌብር ይገባል። ኢሜይል የሚመጣው ነገሩ ድንበር ሲሻገር ነው። የውኃ ፓምፕ፣ ዘርና ፀረ ተባይ የሚያስመጣ ሰው ፕሮፎርማ የሚቀበለው፣ ኤልሲ ሲከፍት ከላኪው ጋር የሚጻጻፈው በኢሜይል ነው። ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲደርስ ደግሞ ትራንዚተሩ ቢል ኦፍ ሎዲንጉን፣ ኢንቮይሱን፣ ፓኪንግ ሊስቱን ላክልኝ ይለዋል። በቆቃና በባቱ ያሉት የአበባ እርሻዎችም ሌሊት ከቦሌ ለሚነሳው ጭነት ሰነድ የሚልኩት በዚሁ መንገድ ነው። ያው ስልክ ማታ ቤት ሲገባ የልጆች ካርቱን ይታይበታል፣ የዕቁብ ሰብሳቢው ይደውልበታል፣ የዘመድ የሰርግ ቪዲዮ ይመጣበታል። ሁለት ኑሮ በአንድ ኪስ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የማወዳድራቸው ስልኮች ሁሉ በዚህ ይመዘኑ።

የቦልድ ቀደምት ተቀናቃኝ የኖኪያው ኢ71 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ። ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 127 ግራም፣ ገላው የማይዝግ ብረት። የጀርባ ክዳኑ ላይ በጥፍር የሚጎተት ነገር የለም። በሁለቱ ጎኖች ያሉትን ትንንሽ መያዣዎች በአንድ ጊዜ ጫን ሲያደርጓቸው ክዳኑ ጠቅ ብሎ ይነሳል። ሲመልሱት ጠርዙ ከገላው ጋር እንዲህ ይገጥማልና ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አይተርፍም። ከስክሪኑ ሥር አራት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ ለመነሻ ገጽ፣ ሌሎቹ ለቀን መቁጠሪያ፣ ለስልክ ማውጫና ለመልእክት። ስክሪኑ 2.36 ኢንች ብቻ ቢሆንም በቀትር ፀሐይ ይነበብ ነበር፤ የፀሐዩን ብርሃን ራሱን መልሶ ለማሳያነት ይጠቀምበታልና። በስምጥ ሸለቆ ሜዳ ላይ፣ ዛፍ በሌለበት ማሳ ዳር፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኢ71 ሌላም ነገር ነበረው። የመነሻ ገጹ ሁለት ነው፤ አንዱ የሥራ፣ አንዱ የግል። በሥራ ሰዓት ኢሜይልና ቀጠሮ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ማታ አንድ ቁልፍ ተጭነው ሲቀይሩ የሥራው ነገር ከዓይን ይሰወራል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ከቆዳ አላለፈም። የሚቀየረው መልኩ ብቻ ነው፤ ከሥር ያለው ደብዳቤም ፎቶም ተቀላቅሎ በአንድ ቦታ ይቀመጣል። ብላክቤሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለቱን በእውነት የሚለይ አሠራር አመጣ። በዚያው ዓመት ሳምሰንግ ኖክስን አስተዋወቀ፤ በ2014 ደግሞ አንድሮይድ 5.0 የሥራ ፕሮፋይል የሚባለውን ጨመረ። ዛሬ በዚህ መንገድ በተዘጋጀ አንድሮይድ ስልክ ላይ የድርጅቱ መተግበሪያዎች ጥግ ላይ ትንሽ የቦርሳ ምልክት ይለጠፍባቸዋል። ከግል ወገን ያለ መተግበሪያ የቦርሳውን ወገን ደብዳቤ አያይም፤ ሠራተኛው ሲለቅም ድርጅቱ የራሱን ክፍል ብቻ ያጠፋል፤ የልጆቹ ፎቶ አይነካም። ኢ71 በገጽታ የጀመረው ነገር አምስት ዓመት ቆይቶ ግድግዳ ወጣለት።

ከዚያ መስታወቱ መጣ። አይፎን በጥር 2007 እ.ኤ.አ. ሲታወጅ ደብዳቤ በብዛት የሚጽፉ ሰዎች ያቀረቡት ቅሬታ እውነት ነበር። መስታወት ላይ ጣት የሚይዘው ነገር የለም፤ ተዳፋት የለም፣ የብረት መስመር የለም፤ ዓይን ከፊደሎቹ መነሳት አይችልም። ይህ እስከ ዛሬ አልተፈታም። ንዝረት ተጨመረ፣ ቃል የሚገምት ፕሮግራም ተጨመረ፤ ሁለቱም ቦልድ በብረትና በፕላስቲክ የሠራውን አልተኩም።

ነገር ግን እዚህ አካባቢ ያለ ጸሐፊ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ማየት አለበት። ዓለም ጤና ላይ አንድ ሰው በአንድ ቀን በሦስት ቋንቋ ይጽፋል፤ ለዕቃ ላኪው በእንግሊዝኛ፣ ለአዲስ አበባው ደንበኛው በአማርኛ፣ ለወረዳው ጽሕፈት ቤትና ለወንድሙ በአፋን ኦሮሞ። አፋን ኦሮሞ እ.ኤ.አ. በ1991 በይፋ በተቀበለው በቁቤ ሲጻፍ ድምፁ በረዘመ ቁጥር አናባቢው፣ በጠበቀ ቁጥር ተነባቢው ይደገማል። በቦልድ ቁልፎች ላይ ይህ ደስ የሚል ሥራ ነው። አንዱን ቁልፍ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጉታል፤ ጣትዎ ቆጥሮልዎታል። መስታወቱ ላይ ግን ኪቦርዱ በእንግሊዝኛ ከቆየ የተደገመውን ሁሉ ስህተት ነው እያለ ያርምልዎታል። ለወረዳው የተጻፈ ማመልከቻ በዚህ ተበላሽቶ ሲሄድ አይቻለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጂቦርድ ላይ አፋን ኦሮሞን እንደ አንድ ቋንቋ መጨመር። ይህን ያላደረጉ ብዙዎች ናቸው።

ፊደላችን ደግሞ የተገላቢጦሹን ይፈርዳል። 33 ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ይህን በአራት ረድፍ ቁልፍ ላይ የሚያትም ጠቢብ የለም። መስታወት ግን ቁልፍ ስላልታተመበት እንደ ልብ ይቀያየራል። በብዙዎቹ የአማርኛ ኪቦርዶች በን ሲነኩ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ ከላይ ይደረደራሉ፤ ጣት አንዷን መርጣ ትመለሳለች። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጸሐፊን ያጎደለው መስታወት ለእኛ ገበታውን ሰጠን። ቦልድም ኢ71ም ከፋብሪካ ሲወጡ የግዕዝ ፊደል አልተጫነባቸውም፤ በአማርኛ የተጻፈ ኢሜይል ሲደርሳቸው የሚታየው የባዶ ሳጥኖች ሰልፍ ነበር። ፊደላችን በዩኒኮድ 3.0 የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የመጀመሪያዋ ብላክቤሪ የወጣችውም፣ ኢትዮጵያ የጂኤስኤም ሞባይል አገልግሎት የጀመረችውም በዚያው ዓመት ነው። ሦስቱ በአንድ ዓመት ተነስተው፣ ከኪሳችን የወጣ ስልክ ፊደላችንን አስተካክሎ እስኪያሳይ ከአሥር ዓመት የማያንስ ጊዜ መፍጀቱ ያስቆጫል።

አሁን ያሉትን ስልኮች ሳወዳድር መጀመሪያ የማየው ይህንኑ ነው፤ ፊደሉ በትንሽ መጠን እንዴት ይታያል? አፕል ለግዕዝ የሚጠቀመው ከፋ የተባለውን ፎንት ነው፤ የነደፈው ፈረንሳዊው ጄሬሚ ኦርኑ ነው። በአንድሮይድ ወገን የተለመደው የጉግል ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሰንና ሸን፣ ተንና ቸን፣ በንና ቨን ማየት ነው። ልዩነታቸው አናት ላይ ያለችው አንዲት ሰረዝ ናት። የኢሜይል ርእስ በደቃቅ ፊደል ሲታይ ያቺ ሰረዝ ከአካሉ ጋር ከተጣበቀች «ሸጠ» የሚለው «ሰጠ» ይመስላል፤ ለነጋዴ ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው። የከፋ ፊደል የብዕር ለዛ አለው። የጭረቱ ውፍረት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ሰረዟ ከአካሉ በቂ ክፍተት ተሰጥቷታል። ኖቶ ወጥ ነው፤ ወዙ ያነሰ፣ ግን በርካሽ ስክሪን ላይ እንኳ የማይፈርስ። ረጅም ደብዳቤ ለማንበብ ከፋን እመርጣለሁ። በፀሐይ ላይ አንድ መስመር ለማየት ግን ኖቶ ይሻለኛል።

ስለ ምስጢር ጥበቃ ስናወራ የቦልድ ዝና ከየት እንደመጣ መናገር ተገቢ ነው። የራሱ ሰርቨር ያለው ድርጅት ደብዳቤው ከሰርቨሩ ሳይወጣ በምስጢር ቁልፍ ይቆለፍለት ነበር። ቁልፉ ያለው በሰርቨሩና በዚያች አንዲት ስልክ ላይ ብቻ ነው፤ መልእክቱን የሚያስተላልፈው ብላክቤሪ ራሱ ሊያነበው አይችልም። በነሐሴ 2010 እ.ኤ.አ. የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ አገልግሎቱን አግዳለሁ ብላ የተነሳችው በዚህ ምክንያት ነው። የይለፍ ቃሉን አሥር ጊዜ የተሳሳተ ሰው ስልኩን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ግን ይህ ሁሉ ለድርጅት ነበር። ከዘመድ ሻንጣ የወጣ ቦልድ ይዞ በተራ አገልግሎት ኢሜይል የሚያይ ግለሰብ ያን ጥበቃ አላገኘም፤ ብዙ ሰው ግን ያለው ይመስለው ነበር። መልእክቱ ሁሉ በኩባንያው መስመር ማለፉም የራሱ ዋጋ ነበረው። ቦልድ 9900 በወጣበት ዓመት፣ በጥቅምት 2011 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዝ ስላው ውስጥ ያለው ማዕከል ሲበላሽ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አፍሪካ ለቀናት ያለ ኢሜይል ቀሩ።

አፕል ቁልፉን ከሩቅ ማዕከል አንስቶ ስልኩ ውስጥ ቀበረው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አይፎን 5ኤስ በዋናው ቺፕ ውስጥ ሌላ ራሱን የቻለ ትንሽ ፕሮሰሰር አለው፤ ሴኪዩር ኤንክሌቭ ይባላል። የጣት አሻራው ስሌት የሚቀመጠው እዚያ ነው። ዋናው ፕሮሰሰር እንኳ አሻራውን ማየት አይችልም፤ «ሰውየው ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱን ብቻ ይቀበላል። ከውጭ የሚታየው ክብ አዝራር ነው። ፊቱ የሰንፔር ክሪስታል ነው፤ አሸዋ በቀላሉ አይጭረውም። ዙሪያውን የከበበው ቀጭን የብረት ቀለበት ጌጥ ይመስላል፤ ሥራው ግን ጣት መድረሱን ማወቅና አንባቢውን መቀስቀስ ነው። በ112 ግራም ስልክ ላይ ይህን ያህል ሐሳብ በአንዲት አዝራር ውስጥ መቀመጡ ዛሬም ያስደንቀኛል።

ይህች አዝራር የአዳማ ጠጋኞችን እጅ ፈትናለች። አሻራ አንባቢው ከዚያው ስልክ ቺፕ ጋር ብቻ ስለሚግባባ ከሌላ ስልክ የመጣ አዝራር አሻራ አያነብም። ስለዚህ ስክሪን የሚቀይር ሰው የድሮዋን አዝራር ከተሰበረው ስክሪን ላይ በሙቀት አላልቆ፣ ሳትታጠፍ ነቅሎ ወደ አዲሱ ማሸጋገር አለበት። ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። በ5ኤስ ላይ የአዝራሯ ገመድ ከስክሪኑ ወደ ታችኛው ገላ ተሻግሮ የተሰካ፣ ከወረቀት ብዙ የማይወፍር ሪባን ነው። ሥራውን የማያውቅ ሰው ታች ያሉትን ሁለት ባለ አምስት ቅጠል ብሎኖች ፈትቶ ስክሪኑን ብድግ ሲያደርገው ሪባኑ ይበጠሳል፤ አሻራውም እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ጥሩው ጠጋኝ ስክሪኑን ጥቂት ብቻ ከፈት አድርጎ ያቆመዋል። በቀጭን መቆንጠጫ የሪባኑን መሸፈኛ ያነሳል፣ መሰኪያውን በፕላስቲክ ጫፍ ቀና ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ስክሪኑን የሚያነሳው። ከሦስት የማይበልጡ እንቅስቃሴዎች ናቸው፤ ከፋብሪካው ሥራ የሚያንሱ አይመስለኝም። መንገድ ዳር በአንዲት ጠረጴዛ፣ በማጉያ መነጽርና በሆት ኤር ይህን የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። ስማቸው የትም አይጻፍም።

ሳምሰንግ በዚሁ መንገድ ኖክስ ቮልት የሚባለውን የተለየ ፕሮሰሰርና ማኅደረ ትውስታ እ.ኤ.አ. በ2021 በጋላክሲ ኤስ21 ላይ አወጣ። ስልኩን ከፍተው ኤሌክትሪኩን ወይም ሙቀቱን በማዛባት ምስጢሩን ለማውጣት ቢሞክሩ እንዲቋቋም ታስቦ የተሠራ ነው። ለእኛ የሚበልጠው ዜና የመጣው በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ካዝና ኤ55ን ጨምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በኤ ተከታታይ ስልኮች ላይ ተገጠመ፤ መካከለኛ ዋጋ ባለው ስልክ ማለት ነው። ኤ55 ክብደቱ 213 ግራም ስለሆነ ከቦልድ አጠገብ ሲይዙት ድንጋይ ያህል ነው። ጎኑ ግን እውነተኛ ብረት ነው። በድምፅ ቁልፎቹ አካባቢ ጠርዙ ከፍ ብሎ ለጣት ምልክት ይሰጣል፤ ከኪስ ሳያወጡ ድምፅ የሚቀንሱበት። በመስታወት ዘመን ለጣት የታሰበች ያቺን ትንሽ ከፍታ ሳገኛት ደስ ይለኛል።

የኤ55ን የሲም ካርድ ሳጥን በመርፌ ገፍተው ያውጡት። በአፉ ዙሪያ ከክር የማትወፍር የጎማ ቀለበት አለች። አይፒ67 የሚባለው ደረጃ በዚህች ቀለበትና በመሰሎቿ ላይ ቆሟል፤ 6 ማለት አቧራ አይገባም፣ 7 ማለት አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ይቆያል። ከመቂ እስከ ሞጆ ያለው አቧራ ደቃቅ ነው፤ ነፋስ ሲነሳ በር የተዘጋበት ቤት ውስጥ ይገባል። የቦልድ ቁልፎች ሥር ገብቶ ጉልላቷን ያደነቁራል፤ የኢ71ን ስፒከር ይደፍናል። ሲም በየጊዜው የሚቀያይር ሰው ቀለበቷ አቧራ ይዛ እንዳትመለስ በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጋት። ከተጣመመች ስልኩ አይፒ67 መሆኑ በካርቶኑ ላይ ብቻ ይቀራል።

ስለ ደኅንነት አንድ ወቀሳ አለኝ፤ ለሁሉም እኩል ነው። ዛሬ በኢሜይል የሚደርሰው ትልቁ ዝርፊያ ካዝና ሰብሮ አይገባም። ሌባው የአንዱን ወገን የይለፍ ቃል ያገኛል፣ ደብዳቤውን በትዕግሥት ያነባል፤ ክፍያ ሲቃረብ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ደብዳቤ አንድ ፊደል ብቻ ከተለወጠች አድራሻ ይልካል። የአሜሪካ ኤፍቢአይ በእንዲህ ዓይነቱ ማጭበርበር እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 2.9 ቢሊዮን ዶላር መጥፋቱን መዝግቧል። የስልክ ኢሜይል መተግበሪያዎች ደግሞ ቦታ ለመቆጠብ የላኪውን ስም ብቻ ያሳያሉ፤ አድራሻው የሚገለጠው ስሙን ሲነኩት ነው። እንዲህ ያማረ ካዝና የሠራ እጅ በሩ ላይ የቆመውን ሰው ፊት መሸፈኑ ያሳዝናል። ሞጆ ላይ ኮንቴይነር የሚጠብቅ አስመጪ የሒሳብ ቁጥር ለውጥ ሲደርሰው ስሙን ነክቶ አድራሻውን ፊደል በፊደል ያንብብ። ከዚያም በሚያውቀው ቁጥር ይደውል።

ጥሩ ሥራ በፋብሪካው በር ላይ የሚያበቃ አይመስለኝም። ሠሪው ወደ ሥራው ተመልሶ ቀዳዳውን ሲደፍን ነው ሥራው የሚዘልቀው። ብላክቤሪ የድሮዎቹን ስልኮች አገልግሎት ጥር 4 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. አቆመ፤ ያ ድንቅ ገበታ ኢሜይል የሚልክበት መንገድ አጣ። ኢ71ም የሚያውቀው ምስጠራ አርጅቶ የዛሬዎቹ ሰርቨሮች አይቀበሉትም። አይፎን 5ኤስ በወጣ በዘጠኝ ዓመቱ፣ በጥር 2023 እ.ኤ.አ. እንኳ፣ የደኅንነት ዝማኔ ደርሶታል። ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከኤስ24 ጀምሮ ሰባት ዓመት እናዘምናለን ብለዋል። ለኤ55 የተገባው የደኅንነት ቃል አምስት ዓመት ነው።

ብዙዎቻችን የምንይዘው ግን ቴክኖ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ይገጣጠማል። የሚመሰገንበት ብዙ አለው። ሁለት ሲም በክብር ይይዛል፤ የኢትዮ ቴሌኮምንና የሳፋሪኮምን ቁጥር አንድ ላይ የያዘ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያቀልለት ያውቃል። ባትሪው መብራት ጠፍቶ ሲያድር ይችላል። ካሜራው የጠይም ፊትን ብርሃን ለማንበብ ተብሎ የተስተካከለ ነው፤ ሌሎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ለዓመታት ቸል ያሉትን። ለዕለት ኑሮ ከሆነ ያለ ማቅማማት እመክረዋለሁ። የደኅንነት ዝማኔው ግን፣ በተለይ በርካሾቹ ሞዴሎች፣ ቶሎ ይቋረጣል። የኤልሲ ደብዳቤና የባንክ ሒሳብ የሚተላለፍበት ስልክ ይህን አይችልም።

ፍርዴን ልስጥ። ለጣት የተሠራ ምርጡ ዕቃ ቦልድ 9900 ነው፤ ነገር ግን ለሥራ አይሆንም። ያላችሁ አትጣሉት፤ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለሚማር ልጅ ስጡትና ፈቶ ቁልፎቹን ይመርምር። ገንዘቡ ላለው፣ በአማርኛ ብዙ ለሚያነብና ለሚጽፍ፣ ዝማኔ ያልተቋረጠበት አይፎን መልካም ነው። ዓለም ጤና ላይ ቀን በአቧራ፣ ማታ ከቤተሰብ ጋር ለሚውል፣ በሦስት ቋንቋ ለሚጽፍ ነጋዴ የምመርጠው ግን ኦርጅናል ጋላክሲ ኤ55 ነው፤ የሥራው ኢሜይል ተለይቶ በቦርሳው ወገን ወይም ሴኪዩር ፎልደር በሚባለው የሳምሰንግ ቁልፍ ማኅደር ውስጥ የተቀመጠበት። ፎርጅዱ መልኩን እንጂ ካዝናውን አይገለብጥም፤ ስለዚህ ከሚታመን ሱቅ በደረሰኝ ይግዙ። ፓተርን ትተው ስድስት አኃዝ ያለው ቁጥር ይጠቀሙ፤ አቧራ በነካው መስታወት ላይ የጣትዎ መንገድ ይታያል። እጅዎ ላይ ያለውን ስልክ ደግሞ ዛሬውኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የመጨረሻው የደኅንነት ዝማኔ የየትኛው ወር እንደሆነ ይመልከቱ። ዓመት ካለፈውና አዲስ ዝማኔ ከሌለው የድርጅትዎን ኢሜይል ከላዩ ላይ ያንሱ።